የአባባ ርስት

«የራሴን ንብረት ለመንካት ያንተን ፈቃድ ልጠይቅ?»

ድምፁ የመጣው ከአባባ ክፍል ነበር። ምራቲቱ የጥርስ ብሩሿን በአፏ እንደያዘች ኮሪደሩ ላይ ቀጥ አለች። በሩ ተዘግቷል፤ ከሥሩ ቀጭን የመብራት ጭረት ይታያል። «ሰጥተኸዋል ትለኛለህ። መቼ ሰጠሁ? ለማን ሰጠሁ? ይኸው እጄ ላይ አይደል እንዴ ያለው» አሉ አባባ፤ ቀጥሎ ጠረጴዛ በመዳፍ ሲመታ ተሰማ። የባሏ አባት በስልሳ ሰባት ዓመት ዕድሜያቸው ድምፃቸውን ከፍ ያደረጉባቸውን ቀናት ቤተሰቡ በአንድ እጁ ጣቶች ቆጥሮ ይጨርሳቸዋል። እሳቸው የሚቆጡት ዝም በማለት ነው። ከእሷ ከራሷ ጋር ከተኳረፉ ይኸው አምስተኛ ቀናቸው ሲሆን፣ በእነዚህ ቀናት ውስጥ «ደህና አደርሽ» እንኳ የሚሏት ፊታቸውን ወደ ፍሪጁ አዙረው ነበር። ታዲያ በጠዋቱ ማን መጥቶ ነው እንዲህ ያናገራቸው ብላ ጆሮዋን ወደ በሩ ስታስጠጋ፣ አንድ እጅ ክርኗን ይዞ ወደ ኩሽና ጎተታት።

እጁ የአማቷ የእማማ ነበር። ኩሽናው ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም፣ የፍሪጁ በር በወንበር ካልተደገፈ የማይዘጋ ጠባብ ክፍል ነው፤ የቤቱ ምሥጢር ሁሉ ግን የሚነገረው እዚያ ነው፣ ፍሪጁ ሲያጉረመርም ሌላውን ድምፅ ስለሚውጠው። እማማ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው፣ በዚያው ፍሪጁን በጀርባቸው ደግፈው፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲያብሰለስሉት የከረሙትን ነገር አወጡት። ሰውዬው ርስት አላቸው። አርባ አንድ ዓመት አብረው ሲኖሩ አንድም ቀን ሳይተነፍሱ፣ የሆነ ቦታ የሆነ ርስት አላቸው፤ አሁን ደግሞ ሰው ቀምቷቸው በስልክ እየተሟገቱ ነው። እማማ በየጠዋቱ እያዳመጡ ደርሰውበታል። «ባለቤቱ እኔ ነኝ» ይላሉ። «አዋስኩህ እንጂ መች ሰጠሁህ» ይላሉ። አንድ ቀን ደግሞ በግልጽ «ይሄ ርስት ሊያሳብደኝ ነው» ሲሉ እማማ በገዛ ጆሯቸው ሰምተዋል። «ለእህቴ ነግሬያታለሁ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «ድርሻሽን በጊዜ ጠይቂ ብላ መክራኛለች።»

ምራቲቱ የጥርስ ሳሙናውን ሳታስበው ዋጠችው። ርስት አልነበረም፤ ረስት ነበር። ረስት እሷ የምትሠራበት አዲሱ የፕሮግራም ቋንቋ ነው፣ እሷና አባባ የተኳረፉትም በእሱው ነው። አባባ ዕድሜ ልካቸውን የጻፉት ሲ በሚባለው አሮጌ ቋንቋ ነው። ሲ ያዘዙትን ሁሉ «እሺ ጌታዬ» ብሎ የሚፈጽም፣ ገደል ግባ ቢሉት የሚገባ አሽከር ነው። ረስት ግን ነገረኛ ነው። ሰው የጻፈውን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ክፍሉ፣ ኮምፓይለሩ፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ጥያቄ ያበዛል። ይሄ ዕቃ የማን ነው? ለሌላ ካስተላለፍከው በኋላ ለምን ትነካዋለህ? ተውሰህ ከሆነስ መቼ ትመልሳለህ? ደህና መልስ ካላገኘ አልሠራም ብሎ በቀይ ጽሑፍ ይመልሳል። ለካ አባባ በየጠዋቱ የሚሟገቱት ከዚህ ቀይ ጽሑፍ ጋር ኖሯል። እራት ላይ «ሞግዚት ያለው ቋንቋ» ብለው ያጣጣሉትን ነገር በራቸውን ዘግተው እየተማሩት ነው።

ነገሩን ለእማማ በአጭሩ አስረዳቻቸው። እማማ መሬት የሚባል ነገር እንደሌለ አረጋገጡ፣ ቤትም እንደሌለ አረጋገጡ፣ ቃሉ በእንግሊዝኛ ምን ማለት እንደሆነም ጠየቁ። ዝገት ማለት ነው ስትላቸው ከወንበሩ ተነሡ፤ ፍሪጁም ተከፈተ። «ርስት ነው ስል ዝገት ሆኖ ቀረ» አሉና፣ አሁን እህታቸው ጋ ደውለው ምን እንደሚሉ ያስቡ ጀመር። ምራቲቱ ግን አንድ ነገር ለመነቻቸው። እንዳወቁባቸው አባባ እንዳያውቁ፣ ለዛሬ ብቻ።

ዛሬ ቀላል ቀን አልነበረም። ምራቲቱ የምትሠራው ሊፍት በሚተክልና በሚጠግን ድርጅት ውስጥ ነው፤ አባባም ጡረታ እስኪወጡ የሠሩት እዚያው ነው። ሊፍቶቹን የሚያዝዘውን ፕሮግራም ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ብቻቸውን የጻፉት እሳቸው ናቸው፣ ዛሬም በሠላሳ ስምንት ሕንፃዎች ውስጥ ሰው ቁልፍ ሲጫን የሚታዘዘው የእሳቸው ጽሑፍ ነው። ምራቲቱ ላለፉት ሰባት ወራት ያንኑ ፕሮግራም በረስት እንደገና ስትጽፍ ከርማለች። ዛሬ ሁለቱ ጎን ለጎን ይፈተናሉ፤ ከእንግዲህ በሚተከሉ ሊፍቶች ላይ የትኛው እንደሚጫን ሥራ አስኪያጇ ትወስናለች። አባባ በክብር ታዛቢነት ተጠርተዋል። ኩርፊያውም የጀመረው ጥሪው የመጣ ዕለት እራት ላይ ነው። ምራቲቱ ያከበረቻቸው መስሏት፣ ፕሮግራምዎ ድንቅ ነው፣ በረስት ቢሆን ግን ኮምፓይለሩ ግማሹን አይቀበለውም ነበር አለቻቸው። አባባ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰው ጭኖ ወጥቶ ወርዷል አሉ፤ ከዚያ በኋላ ቃል አልወጣቸውም። ነርስ የሆነው ባሏ፣ እኔ የማውቀው መርፌ መውጋት ነው ብሎ ከነገሩ ወጣ።

ከቤት የወጡት አብረው ነበር፤ ያያቸው ሰው ግን አብረው ናቸው አይልም። አባባ ግራጫ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ሁለት እርምጃ ቀድመው ይሄዳሉ። ታክሲው ውስጥም በመሀላቸው የአንድ ሰው ቦታ ትተው ተቀመጡ፤ ቦታውን ቲማቲም የያዘች ሴት ሞላችው። ሴትየዋ የቲማቲም ዋጋ ትናንት ስንት እንደነበረ ለአባባ፣ ዛሬ ስንት እንደሆነ ለምራቲቱ ነገረቻቸው፣ ልዩነቱን ተነጋግረው እንዲደርሱበት የፈለገች ይመስል። እሷ ስትወርድ ቦታው እንደገና ባዶ ሆነ። አባባ መስኮቱን እያዩ፣ ለመስኮቱ የሚያወሩ ይመስል፣ አንድ ጎረቤት አለ አሉ። ይህ ጎረቤት መሰላል ተውሷል። የመሰላሉ ባለቤት፣ መሰላሉ የገዛ ራሱ ሆኖ ሳለ፣ ልንካው ሲል የሚከለከለው በምን ሕግ ነው?

ምራቲቱ ሳቋን በሻርፗ አፈነችው። «ጎረቤቱ መሰላሉ ላይ ቆሞ ከሆነስ አባባ? ባለቤቱ ቢስበው ሰውዬው ይወድቃል።»

አባባ ሦስት ፌርማታ ያህል አሰቡ። «እስኪወርድ መጠበቅ ነው ማለት ነው።»

«አዎ አባባ።»

«ይህማ ያስኬዳል» አሉ፣ ተመልሰውም ዝም አሉ። በአምስት ቀን ውስጥ የተነጋገሩት ይህችኑ ብቻ ነበር። ከታክሲው ሲወርዱ ግን የቀደሟት አንድ እርምጃ ብቻ ነው።

የድርጅቱ መፈተሻ ክፍል ምድር ቤት ነው፤ መስኮት የሌለው፣ የማሽን ዘይት የሚሸት፣ በመሀሉ የትም የማያስገባ እውነተኛ የሊፍት በር የቆመበት አዳራሽ። በሩ ሲከፈት ከኋላው የሚታየው ግድግዳና ያለፈው ዓመት የቀን መቁጠሪያ ነው። ሠራተኞቹ አባባን ሲያዩ ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ «ጋሽ ድርብ ሰረዝ መጡ» የሚል ሹክሹክታም በጠረጴዛዎቹ መሀል ዞረ። ስሙን ያወጡላቸው ጀማሪዎች ናቸው። በሲ እያንዳንዱ ትእዛዝ በድርብ ሰረዝ መዘጋት አለበትና፣ አባባ ድርብ ሰረዝ የረሳውን ልጅ ሁሉ አስቁመው «ዓረፍተ ነገሩን ሳይዘጋ የሚሄድ ሰው የቤቱንም በር አይዘጋም» ሲሉ ኖረዋል። ከሁሉም በላይ ደስ ብሎት የተቀበላቸው ዋናው መካኒክ ነበር። ሰውዬውን ሁሉም ቅባት ነው የሚለው፤ እውነተኛ ስሙን የሚያውቀው ደሞዝ ከፋዩ ብቻ ነው። ወንበር አመጣላቸው፣ ወንበሩን በጨርቅ ጠረገላቸው፣ እንደ እርስዎ ያለ ሰው ድሮ ቀረ አላቸው። አባባ ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ዓይናቸውን ከቅባት ዓይን አሸሹ። ምራቲቱ አይታለች፤ ምክንያቱ ግን አልገባትም።

መጀመሪያ ሁለቱም ፕሮግራሞች መዘጋጀት ነበረባቸው። አባባ የእሳቸው ፕሮግራም የተጫነበት አሮጌው የመቆጣጠሪያ ሳጥን ፊት ሆነው አንድ ቁልፍ ነኩ፤ ጣታቸውን ሳያነሡ የሲ ኮምፓይለር ሥራውን ጨረሰ። ምራቲቱም ቁልፏን ነካች። የረስት ኮምፓይለር ማሰብ ጀመረ። ሥራ አስኪያጇ ሁለት ቦታ ስልክ ደወለች። ቅባት ቁርሱን ከፌስታል አውጥቶ፣ በልቶ፣ እጁን ታጥቦ ተመለሰ፤ አሁንም እያሰበ ነው። «ይሄኛው በደረጃ ነው እንዴ የሚመጣው?» ሲል ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። አባባ አልሳቁም። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው የምራታቸውን ስክሪን፣ የታመመ ሰው እንደሚጠብቅ ዘመድ፣ ትክ ብለው ያዩ ነበር።

ፈተናው እንዲህ ነው። ሁለቱ ሳጥኖች ከሁለት የመብራት ሰሌዳዎች ጋር ተያይዘው፣ ከምድር ቤት እስከ አሥራ ሁለተኛ ፎቅ የሚወጣና የሚወርድ ሊፍት ያስመስላሉ፤ ሰዓታቸው በሺህ እጥፍ ስለሚሮጥ አንዱ ቀን በደቂቃ ተኩል ያልፋል። የሦስት ወር ሥራ ከምሳ በፊት ማየት ይቻላል። ሃሳቡም የምራቲቱ ነበር። መብራቶቹ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፤ ሻይ መጣ፣ ስኳሩ አነሰ ተባለ፣ ስኳር መጣ። ፈተናው ከተጀመረ አንድ ሰዓት ከሩብ ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ በማሽኑ አቆጣጠር ሃምሳኛው ቀን ሳይሞላ፣ የአዲሱ ሰሌዳ መብራቶች ሰባተኛ ፎቅ ላይ ቀጥ አሉ። ቀይ አምፖል በራ። የአሮጌው ሰሌዳ መብራቶች ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ አሥራ ሁለተኛው ፎቅ ይወጡ ነበር።

መጀመሪያ የሳቀው ቅባት ነው፤ ከዚያ ሌሎቹም ተከተሉ። ሥራ አስኪያጇ አልሳቀችም፣ ይኼ ደግሞ የባሰ ነበር። አዲሱ ቋንቋ ደህንነቱ የተጠበቀ ነው ተብሎ ሰባት ወር እንደተሰጠው፣ እሷ የምታየው ግን ሰባተኛ ፎቅ ላይ ሰው ይዞ የቆመ ሊፍት እንደሆነ በእርጋታ ተናገረች። ምራቲቱ ጆሮዋ ድረስ ጋለባት። ስክሪኑ ላይ ረስት የቆመበትን ምክንያት ጽፏል። ቁጥር ሲደመር ከመያዣው በላይ ሞልቷል፣ መስመር ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ይላል። መስመሩን ከፈተችው። በሩ ከተከፈተ በኋላ ስምንት ሰከንድ ጠብቆ እንዲዘጋ የሚያዝዘው መስመር ነው፤ አሁን ያለው ሰዓት ሲደመር ስምንት ሰከንድ። ከአባባ ፕሮግራም ላይ እንዳለ የገለበጠችው ነው። ቀና ብላ አየቻቸው። አባባ ማሸነፋቸው ነበር። ዝም ቢሉ ይበቃ ነበር፤ ዝም ማለት ደግሞ ያውቁበታል።

ሥራ አስኪያጇ ማህደሯን ስትዘጋ አባባ ከወንበራቸው ተነሡ።

«ልክ ነው» አሉ።

«ጋሼ፣ ቆመ እኮ» አለች ሥራ አስኪያጇ።

«መቆሙ ነው ልክ። ያልቆመው የኔው ነው ያጠፋው።»

ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ ሰቀሉና ቅባትን አሮጌውን ሳጥን ከእውነተኛው በር ጋር እንዲያገናኝላቸው ጠየቁት። መጥረጊያም አስመጥተው ለቅባት ሰጡት። ቁልፉን ሲጫኑ በሩ ተከፈተ፣ ቅባትም መጥረጊያውን መሀሉ አቆመ፤ በሩ ስምንት ሰከንድ ጠበቀ፤ በቀስታ መዘጋት ሲጀምር ቅባት መጥረጊያውን ሳበው። ሁሉም እንደሚያውቁት ነው። አባባ ቀጥለው የሳጥኑን ሰዓት ወደፊት ወሰዱት፤ አርባ ዘጠኝ ቀን ከአሥራ ሰባት ሰዓት ከምናምን ደቂቃ ላይ፣ ጥቂት ሰከንድ ሲቀረው አቆሙት። እንደገና ቁልፉን ተጫኑ። በሩ ተከፈተ፤ ቅባት መጥረጊያውን ገና ከማስገባቱ፣ ትንፋሽ ሳይወሰድ ተመልሶ መጥረጊያውን ግጭ አድርጎ ያዘው፣ የጠርዙ ላስቲክ አንጥሮ ለቀቀው። መጥረጊያው ወለሉ ላይ ወደቀ።

አባባ አስረዱ። ድምፃቸው ጀማሪዎችን የሚያስተምሩበት ድምፅ ነበር። ፕሮግራሙ ከበራ ጀምሮ ጊዜን በሰከንድ ሺኛ እየከፈለ ይቆጥራል። የሚቆጥርበት ቋት ግን ወሰን አለው፤ በአርባ ዘጠኝ ቀን ተኩል ግድም ይሞላል። ሲ ሲሞላበት ማንንም አይጠይቅም፣ ዝም ብሎ ከዜሮ ይጀምራል። ሊሞላ ስምንት ሰከንድ በቀረው ጊዜ ውስጥ ሰው በሩን ከከፈተ፣ «አሁን ሲደመር ስምንት» የሚለው ስሌት ዞሮ ትንሽ ቁጥር ይሆናል፤ ሊፍቱም የመዝጊያው ሰዓት አልፏል ብሎ ይዘጋል። ሥራ አስኪያጇ ታዲያ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለምን አልታየም ስትል ጠየቀች። አባባ መነጽራቸውን አወለቁ። የሠላሳ ስምንቱ ሕንፃዎች ጥበቃዎች ወር በገባ በአንደኛው ቀን ሊፍታቸውን አጥፍተው እንደሚያበሩ አስታወሷት። ማሽኑ ይረፍ እየተባለ የሚደረገው ነው። ሲጠፋ ቆጠራው ከዜሮ ስለሚጀምር ቋቱ አይሞላም። ማሽን ይረፍ የሚለውን ያወጡት እሳቸው ናቸው። ማሽን እረፍት አያውቅም።

ቅባት መጥረጊያውን ከወለሉ አንሥቶ ያዘው። «አንድ ጊዜ ግን ታይቷል» አለ ቀስ ብሎ።

ታይቷል። ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት አንድ ሰው ሦስት ደርብ የሰርግ ኬክ ተሸክሞ ከሊፍት ሲወጣ በሩ ሳይጠብቅ ተዘጋበት። ሰውዬው አልተጎዳም፤ ኬኩ ግን ባለ አንድ ደርብ ሆነ። ጥፋተኛ ሲፈለግ በሩን የሚንከባከበው ወጣት መካኒክ ተገኘ፤ በሩን በደንብ አልቀባህም ተብሎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፣ እድገቱም አራት ዓመት ዘገየ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ መካኒኩ በከተማው ውስጥ ያለውን የሊፍት በር ሁሉ፣ ቢያስፈልግም ባያስፈልግም፣ በየሳምንቱ ሲቀባ ኖሯል። ቅባት የሚለው ስም የወጣለትም በዚሁ ነው። አባባ ምክንያቱን የደረሱበት ከዓመት በኋላ ባንክ ተሰልፈው ሳለ ነበር፤ ስሌቱን በአእምሯቸው ሠርተው ሲጨርሱ ተራቸውን ትተው ወጡ። ልናገር አሉ፣ ነገ አሉ፣ ነገ ደግሞ ለምን ትናንት አልተናገርክም የሚል ጥያቄ ይዞ መጣ። ማጥፋትና ማብራት ቀላል ነበር። ቀላሉ ነገር ልማድ ሆነ።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ አዲሱን ቋንቋ ስማር ነው የከረምኩት» አሉ፣ ይህን ሲናገሩ ከሌላው ሁሉ ይልቅ አፈሩ። «ያቺን መስመር ጻፍኩበትና ሞከርኩት። እኔ አሥራ ስድስት ዓመት የደበቅኩትን በአንድ ሰከንድ አፈረጠው።» ወደ ቅባት ዞሩ። «ጥፋቱ የኔ ነበር። በሩ ደህና ነበር። አንተም ደህና ነበርክ።»

ቅባት መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። «ያ ኬክ» አለ፤ «ያ ኬክ እርስዎ ኖረዋል?» አባባ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ቅባት ሄዶ አባባ ተቀምጠውበት የነበረው ወንበር ላይ፣ ኮታቸው ላይ ተደግፎ ተቀመጠ። አሥራ ሰባት ዓመት፣ አለ ለራሱ፣ በየሳምንቱ። ሚስቱ የሊፍት ዘይት ትሸታለህ እያለች አልጋ ላይ ጀርባዋን ስትሰጠው እንደኖረች ለክፍሉ ሁሉ አሳወቀ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አለቀሰ ብለው የደነገጡት ቀና ሲል እየሳቀ እንደሆነ አዩ፣ ሳቁ ግን ንጹሕ ሳቅ አልነበረም። አልማርኩዎትም፣ አለ፣ ገና አስብበታለሁ።

ምራቲቱ እዚህ ላይ ዝም ማለት ትችል ነበር። አባባን ስታይ ግን ዝምታ አስጠላት። መስመሩን ሳታነበው እንደገለበጠችው ተናገረች። ረስትም ቢሆን ዛሬ የጮኸው ለሙከራ ስለተዘጋጀ እንደሆነ አልደበቀችም፤ ለደንበኛ ሲዘጋጅ ይህን ቁጥጥር ክፈት ብሎ ያዘዘው ሰው ከሌለ፣ እሱም እንደ ሲ ዝም ብሎ ከዜሮ ይጀምራል። እሷ ደግሞ አላዘዘችም ነበር። አባባ በጎን አዩዋት። መስመሩን ያነበበ ሰው በስሕተቱ መሳቁ እንደማይቀር፣ ሰባት ወር ሙሉ ስላልሳቀችባቸው እንዳላነበበችው እንደጠረጠሩ ነገሯት። ሊነግሯት ይገባ እንደነበርም ጨመሩ። ሥራ አስኪያጇ በዕለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ አስቀመጠች። የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ ከቅባት ማህደር ዛሬውኑ ይወጣል አለች። አዲሶቹ ሊፍቶች በረስት ይሠራሉ፣ ቁጥጥሩ ሳይጠፋ፤ ሠላሳ ስምንቱ ደግሞ ባሉበት በሲ ይታረማሉ፣ በአንድ ወር ውስጥ።

የሲውን እርማት አባባ በአራት ደቂቃ ጨረሱት፤ አንድ መስመር ነበር። «አሁን ሲደመር ስምንት» የሚለውን ትተው፣ ከተከፈተ ስንት ጊዜ አለፈ ብለው ቀነሱት፤ እንዲህ ሲሆን ቋቱ ቢሞላም ስሌቱ አይዛነፍም። ምራቲቱ የራሷን ኪቦርድ ወደ እሳቸው ገፋችው፤ የረስቱንም እርስዎ ያርሙት አለቻቸው። አባባ አንገራገሩ፣ ሰው ሁሉ እንደሚያያቸው አዩ፣ ተቀመጡ። በሁለት ጣት ቀስ እያሉ ጻፉ፤ መጨረሻ ላይ እንደ ልማዳቸው ድርብ ሰረዟን ጠበቅ አድርገው መቷት። ኮምፓይለሩ አሰበ፣ አሰበ፣ ቀይ ጽሑፍ አወጣ። አባባ ጎንበስ ብለው አነበቡት። በረስት የመጨረሻው መስመር መልስ የሚሰጥ ከሆነ አይዘጋም፤ ጽሑፉም ይህችን ድርብ ሰረዝ አንሣት ይል ነበር። ከጀርባቸው ቆሞ ያነበበ አንድ ጀማሪ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ሳቁን አፈነ። አባባ ድርብ ሰረዟን አጠፏት፣ ፕሮግራሙም አለፈ። «ዘመን ነው» አሉ።

ቅባት ምሕረቱን በቅድመ ሁኔታ ሰጠ። እሱ ሠላሳ ስምንቱንም ሳጥኖች ይቀይራል፤ ነገር ግን ሊፍቱን ማሳረፍ ከእንግዲህ እንደማያስፈልግ ለየሕንፃው ጥበቃ በአፋቸው የሚናገሩት አባባ ራሳቸው ናቸው። ከሰዓት በኋላ ሦስቱ በድርጅቱ ፒካፕ ወደ መጀመሪያው ሕንፃ ሄዱ፤ ጋቢናው ስለጠበበ አባባና ምራቲቱ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ነበር የተቀመጡት። ሕንፃው ባለ ዘጠኝ ፎቅ ነው፤ ጥርስ ሐኪም፣ የሹፌር ማሠልጠኛና ሦስት የጠበቃ ቢሮ አለበት። ቅባት ሳጥኑን ቀይሮ በሩን ሞከረ፣ ከልማድ ብዛት ትንሽ ቀባው። አባባ ወደ ጥበቃው ሄዱ። ጥበቃው ከሊፍቱ አጠገብ ባለች ትንሽ ጠረጴዛ ላይ መዝገብ፣ ራዲዮና የታጠፈ ካፖርት ይዞ የተቀመጠ፣ አርባዎቹ ውስጥ ያለ ሰው ነበር። አባባ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ከእንግዲህ በየወሩ ሊፍቱን ማጥፋት እንደሌለበት ነገሩት።

ጥበቃው በትሕትና ከመቀመጫው ተነሣ። ይህን ማድረግ እንደማይችል ግን በዚያው ትሕትና ተናገረ። እዚህ በር ላይ አሥራ ሁለት ዓመት ቆሟል፤ ከጎናቸው ያለው ሕንፃ ሊፍት፣ የሌላ ድርጅት፣ በዓመት አራት ጊዜ ይበላሻል፤ የእሱ ግን አንድም ቀን ተበላሽቶ አያውቅም፣ ምክንያቱም ያርፋል። ማሽንም እንደ ሰው ነው፣ አለ፣ ልቡ ይደክማል። አባባ ማሽን ልብ እንደሌለው፣ ነገሩ የቁጥር ጉዳይ እንደነበረ፣ አሁን እንደታረመ ሊያስረዱት ሞከሩ። ጥበቃው የሽማግሌ ንግግር እንደሚሰማ ሰው እጁን ከኋላው አጣምሮ እስኪጨርሱ ጠበቃቸው።

«አባቴ፣ አይቀየሙኝ» አለ፤ «ይሄን ያዘዘን ሊፍቱን የሠራው ትልቁ መሐንዲስ ነው። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ራሱ መጥቶ፣ እዚህ ቆሞ ነው የነገረኝ።»

አባባ ወደ ምራቲቱ አዩ፤ ምራቲቱ ወደ ጣሪያው አየች። «መሐንዲሱ እኔ ነኝ» አሉ አባባ።

ጥበቃው ከጫማቸው ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ አያቸው፣ አናታቸው ላይ ሲደርስ አዘነላቸው። «አይ» አለ በለሰለሰ ድምፅ፤ «እሱ ረጅም ሰው ነበር።»

ቅባት የመሣሪያ ሳጥኑን አንሥቶ በጥድፊያ ወደ ውጭ ወጣ፤ ሳቁ የተሰማው ከፒካፑ አጠገብ ነው። አባባ ግን ባሉበት ቆመው ጥቂት አሰቡ። ሊፍቱ በወር አንዴ ቢጠፋ ጉዳት የለውም፤ ጥቅምም የለውም።

«በጣም ረጅም ነበር?» ብለው ጠየቁ።

«በጣም እንጂ።»

«እንግዲያው እሱ ያለህን አድርግ» አሉና ኮታቸውን አስተካክለው ወጡ። የሕንፃውን መግቢያ ደረጃ ሲወርዱ ወገባቸውን ቀጥ፣ አንገታቸውን መዘዝ አድርገው ይራመዱ ነበር። ምራቲቱ እርምጃዋን አሳጥራ ከጎናቸው ሄደች።